ከዋንዛ የተጠረበው ወንበር

ቡታጅራ ስገባ የተሰጠኝ ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ የሚሸጡ ዕቃዎችን እያየሁ ምን እንደሆኑና በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ መጻፍ። ከእኔ በፊት የነበሩት ሰውዬ ጡረታ ሲወጡ ያስረከቡኝን መዝገብ ሳገላብጥ፣ "ሁኔታ" በሚለው ዓምድ ሥር ከላይ እስከ ታች ያገኘሁት አንድ ቃል ብቻ ነው። ያገለገለ። ፍሪጁ ያገለገለ፣ አልጋው ያገለገለ፣ ወፍጮው ያገለገለ። አንድ ቦታ ላይ በሬ ሳይቀር "ያገለገለ" ተብሎ ተጽፎ አይቼ ብቻዬን ስቄያለሁ።

እኔም የመጀመሪያውን ዓመት እንደሳቸው ነው የጻፍኩት። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ወልቂጤ ጥቂት ዓመት ሠርቼ ነው ወደ ቡታጅራ የተዛወርኩት፤ ስለ አሮጌ ዕቃ የማውቀው ነገር አልነበረም። ያስተማረኝ ከአዲስ አበባ እየመጣ ሐራጅ የሚከታተል የአንቲካ ነጋዴ ነው። ሙቀትም ሆነ ብርድ አንገቱ ላይ ሹራብ የሚጠመጥም፣ ቀጭን ሽማግሌ። አንድ ቀን አንድ የቀንድ ዋንጫ ላይ "የተሰነጠቀ" ብዬ መጻፌን አየና ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ አደረገው።

"የኔ ልጅ፣ የተሰነጠቀ ብለሽ ጥለሽው አትሂጂ። ስንጥቁ ሕፃን ነው ወይስ ሽማግሌ?"

አልገባኝም። ዋንጫውን ወደ መስኮቱ አዙሮ አሳየኝ። አዲስ ስንጥቅ ውስጡ ንጹሕ ነው፤ የቆየው ግን ጭስ ጠጥቷል፣ የእጅ ወዝ ጠጥቷል፣ ጠቁሯል። የቆየ ስንጥቅ ዕቃው ኖሮበታል ማለት ነው፤ አዲሱ ግን ገና ይሄዳል። ከየት ተነስቶ የት እንደሚቆም ጻፊ አለኝ። የተጠገነ ከሆነ በምን እንደተጠገነ ጻፊ። የጎደለ ካለ የጎደለውን ጻፊ፤ የሌለውን ነገር መጻፍ ነው ከባዱ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን ወደድኩት። አንድ ዕቃ ፊት ቁጭ ብዬ ግማሽ ሰዓት የምፈጅ ሆንኩ። ባልደረቦቼ ይስቁብኝ ነበር፤ ግን የእኔን ዝርዝር አንብበው ከአዲስ አበባ ድረስ የሚመጡ ገዢዎች እየበዙ ሄዱ። "ያቺ የጻፈችው ከሆነ ሳላየው እገዛለሁ" ብሏል የተባለ ሰው እንዳለ ሰማሁ። ይህን ወሬ ለራሴ ደጋግሜ እነግረው ነበር። ኋላ የመጣውን ነገር ሳስብ ከሁሉ በፊት የማስታውሰው ይህንን ኩራቴን ነው።

ነገሩ የመጣው በአንድ የውርስ ክርክር ነው። ሟቹ በከተማው የተከበሩ ሐጂ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ነጋዴ፣ ካረጁ በኋላ የተጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ። በንግድ በዞሩበት አገር ሁሉ ያገኙትን አሮጌ ዕቃ እየሰበሰቡ ከቤታቸው ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ሞልተው ሞቱ። ከሁለት እናት የተወለዱ አራት ልጆች መስማማት አቃታቸው። ፍርድ ቤቱ ዕቃው በሙሉ በሐራጅ ተሽጦ እኩል እንዲካፈሉ ወሰነ።

በር የከፈተችልኝ ሴት ልጃቸው ናት። ሃምሳ ገደማ ይሆናታል። ትዳሯን ትታ መጥታ አባቷ እስኪሞቱ ድረስ ያስታመመቻቸው እሷ ናት። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካለ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው አቅፋ እያነሳች በረንዳው ላይ ስታስቀምጣቸው ጎረቤቱ ሁሉ አይቷል። ሌሎቹ ልጆች አዲስ አበባ ነበሩ። ታላቅ ወንድሟ መርካቶ ሱቅ አለው።

"አሰላሙ አለይኩም፣ እህቴ። ግቢ" አለችኝ። ቁጣም እንግዳነትም አልነበረባትም።

ዕቃው ባለባት ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ሆነን ቀኑን ሙሉ ሠራን። እሷ ዕቃውን እያነሳች አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ጡሩምባው የተጣመመ ግራሞፎን። ከቆዳ የተሠራ ጋሻ፣ ጠርዙን ብል የበላው። የፈረስ ኮርቻ ከነጌጡ፣ አንዱ እርካብ የጠፋ። ጀርባው የሌለው ሬዲዮ። የእያንዳንዱን ጉዳት ታሪክ ታውቃለች። ሬዲዮውን የሰበረው ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ልጅ ሳለ ውስጡ ያለውን ሰውዬ ላውጣው ብሎ። ይህን ስትነግረኝ ሳቀች። በዚያ ቀን የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።

ወንበሩን መጨረሻ ላይ አመጣችው። አቅፋ ነው ያመጣችው።

ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተጠርቦ የወጣ ነው፤ ምስማር የለው፣ ሙጫ የለው። ሦስት እግር፣ ወደ ኋላ ዘንበል ያለ መደገፊያ፣ መደገፊያው ላይ እንደ ሽሩባ የተጠላለፈ ቅርጽ። መቀመጫው ከመለስለሱ የተነሳ በቅቤ የታሸ ይመስላል። በስተቀኝ በኩል አንዲት የቆየች ስንጥቅ አለች፤ በጥፍሬ ተከተልኳት፣ የጣቴን ርዝመት ሳታልፍ አበቃች። ሐጂው ሰው ሲያስታርቁ የሚቀመጡበት እሱ ነበር። ከታመሙም በኋላ ልጃቸው አንስታ የምታስቀምጣቸው እሱ ላይ ነው። ከእሳቸው በቀር ማንም አይቀመጥበትም ነበር።

ስለሱ የጻፍኩት ዛሬም ቃል በቃል ትዝ ይለኛል፤ ያን ያህል ነው የደከምኩበት። የመጨረሻው መስመር "በአጠቃላይ ሁኔታው እጅግ በጣም ጥሩ" ይላል።

"ምን ብለሽ ጻፍሽ?" አለችኝ። አነበብኩላት። ስጨርስ በዝግታ አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"እህቴ፣ እንደሱ አትጻፊው።"

"ለምን?"

"እንደሱ ካልሽው ከአዲስ አበባ ይመጡበታል። መነሻ ዋጋውንም ከፍ ያደርጉታል። እኔ አልደርስበትም። ወንድሜን ለምኜዋለሁ፤ ግራሞፎኑንም፣ ጋሻውንም፣ ሁሉንም ውሰዱ፣ ይሄን ብቻ ተዉልኝ ብዬዋለሁ። ለአንዱ ከተውን ሌላውም ይጠይቃል፣ ሁሉም ይሸጣል አለኝ።" እጇን መደገፊያው ላይ አሳረፈች። "ተሰብሯል ብለሽ ጻፊልኝ። የተሰበረ ወንበር ማንም አይመጣበትም። ወላሂ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"ያልተሰበረውን ተሰብሯል ብዬ እንዴት እጽፋለሁ?"

"ማን ያይብሻል?"

"እኔ አይቼዋለሁ" አልኳት።

ይህን ስል በውስጤ ደስ ብሎኝ ነበር። ትልቅ ነገር የተናገርኩ መሰለኝ። ለእንጀራዬ ፈርቼ ነው ብል ይቀለኝ ነበር፤ ያ ግን ውሸት ነው። "ያገለገለ" ብዬ ባልፈው ማንም አይጠይቀኝም ነበር፤ መዝገቡ ሙሉ እሱ ነው። በሙያዬ ከጻፍኳቸው ሁሉ የተሻለውን ጽሑፍ መሰረዝ ነው ያቃተኝ። ወረቀቴን አጥፌ ወጣሁ፤ በማግስቱ ዝርዝሩ ማኅተም ተደርጎበት ለወራሾቹ ሁሉ ደረሰ።

በሦስተኛው ቀን ቢሮ ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት።

"ነይና ጻፊ።"

"ምኑን?"

"አሁን ተሰብሯል።"

ባጃጅ ይዤ በረርኩ። የግቢው በር ክፍት ነው። ወንበሩ ግቢው መሐል በጎኑ ተጋድሟል፣ መጥረቢያው አጠገቡ ወድቋል። አንደኛው እግር ከሥሩ ተቆርጧል፤ መደገፊያው ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተሰንጥቋል። የተከፈተው እንጨት ውስጡ ትኩስ ሥጋ ይመስል ነበር። ስንት ዓመት ታፍኖ የኖረ የእንጨት ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ መዳፏ ውኃ ቋጥሯል።

"ምን አደረግሽ?" አልኳት።

"ያልተሰበረ ተሰብሯል ብዬ አልጽፍም አልሽኝ። አሁን አትዋሺም። ጻፊ።"

በፍርድ ቤት የተመዘገበ ዕቃ ማበላሸት ወንጀል እንደሆነ ነገርኳት። ዝርዝሩ ቀድሞ መውጣቱን፣ የወንድሟ እጅ መግባቱን ነገርኳት። ሰማችኝ፤ ግን የሰማችኝ ወሬ እንደሚሰማ ሰው ነው። "የአባቴ ነው" አለች። ከዚያ ተነስታ የተቆረጠውን እግር ከአፈሩ አነሳችና በነጠላዋ ጠረገችው።

ቢሮ ተመልሼ አለቃዬን "ምን ልጻፍ?" ብዬ ጠየቅሁ። ቀና ሳይል "ያየሽውን ጻፊ" አለኝ።

ያየሁትን ጻፍኩ። አንድ እግር ተቆርጧል፤ መደገፊያው ለሁለት ተሰንጥቋል። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። በመጀመሪያው ምዝገባ ስህተት ተፈጥሯል ብዬ ብጨምር እኔ ተወቅሼ ነገሩ ምናልባት እዚያው ይቀር ነበር። እኔ ግን የለመድኩትን ቀጠልኩ። "ጉዳቱ አዲስ ነው፣ የመጥረቢያ ምልክት ይታይበታል" ብዬ ጨመርኩ። ይህንን ማንም አልጠየቀኝም።

ወንድሟ ከአዲስ አበባ መጥቶ ከሰሰ። ችሎት ተጠርቼ ቀረብኩ። ዳኛው ጉዳቱ አዲስ መሆኑን በምን እንዳወቅሁ ጠየቁኝ።

"ውስጡ ንጹሕ ነው፤ ጭስም ወዝም አልጠጣም" አልኳቸው። ከአንቲካ ነጋዴው የተማርኩትን ነው የመለስኩት። ትከሻዬን ቀጥ አድርጌ እንደመለስኩ አስታውሳለሁ።

እሷ አልካደችም። "እኔ ነኝ የሰበርኩት። ስድስት ዓመት አባቴን እሱ ላይ ሳስቀምጠው ማንም አልጠየቀኝም፣ አሁን ለምን ትጠይቁኛላችሁ?" አለች። አራት ወር ተፈረደባት። ሲያስወጧት በአጠገቤ አለፈች፤ ቆም ብላ ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

ሐራጁ የተካሄደው እሷ እስር ቤት ሳለች ነው። ብዙ ሰው መጣ፤ በእኔ ጽሑፍ የመጣ ሰው። ግራሞፎኑም ጋሻውም ሄደ። የወንበሩን ስብርባሪ ያ የአንቲካ ነጋዴ ወሰደው። ወረቀቱን ሲፈርም ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ "የሰበረው ሰው ለእኔ ውለታ ዋለልኝ። ሙሉ ቢሆን ዋጋውን አልችለውም ነበር። አናጢዬ በሳምንት ይገጥመዋል፣ ስንጥቁንም በሻይ ቅጠልና በጥላሸት ያስረጀዋል፤ አንቺ እንኳ አታውቂውም" አለኝ። ሊያስቀኝ ነው የፈለገው።

ወንድምየው አጥሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ስብርባሪው በጆንያ ተጠቅልሎ አይሱዙ መኪና ላይ ሲጫን ፊቱን አዞረ። ትንሽ ቆይቶ ወደ እኔ መጣ።

"አባቴ እሱ ላይ ተቀምጦ ነው የመረቀኝ፣ አዲስ አበባ ልሄድ ስል" አለኝ። መልስ ሳይጠብቅ ስልኩን አውጥቶ እያየ ወደ አስፋልቱ ሄደ።

እሷ ስትፈታ ቤቱም ተሸጦ ነበር። የማረቆ ከተማ በሆነችው ቆሼ አክስቷ ጋ ገባች ሲሉ ሰማሁ። ልሄድ አስቤ ስንት ጊዜ ተውኩት። ምን እላታለሁ? በመጨረሻ የሄድኩት በዓመቱ ነው፣ በርበሬ ልግዛ ብዬ ለራሴ ሰበብ ሰጥቼ።

ገበያው ውስጥ ፀሐይ ላይ የተሰጣ በርበሬ መሐል ተቀምጣ፣ የተበላሸውን ከደህናው ስትለይ አገኘኋት። ከስታለች። አየችኝና አወቀችኝ፤ ሥራዋን አላቆመችም።

"ደህና ነሽ? ሥራ ደህና?"

"አልሐምዱሊላህ" አልኳት፤ ክርስቲያን ሆኜ ይህ ቃል እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ከዚያ ሳላስበው እንባዬ መጣ። "ይቅር በይኝ ልልሽ ነው የመጣሁት።"

"ለምኑ? አንቺ ሥራሽን ነው የሠራሽው።"

ይህንን ያለችው ለማጽናናት ይመስለኛል። ሰድባኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ጣቶቿን ሳታቆም መናገር ጀመረች።

"ታስሬ ሳለሁ የማስበው ምን ነበር መሰለሽ? ስላንቺ አልነበረም። ያን ቀን ላንቺ መንገሬን ነው። ከመምጣትሽ በፊት ሰብሬው ቢሆን ተሰብሯል ብለሽ ትጽፊ ነበር። እኔም እቤቴ ነበርኩ፣ ወንበሩም እኔ ጋ ነበር። የልቤን ላንቺ ማውራቴ ነው የጎዳኝ።" አንድ የሻገተ በርበሬ አነሳች፣ አገላብጣ አየችውና ወረወረችው። "ደግ ፊት ነበረሽ።"

አንድ ገዢ መጥታ ዋጋ ጠየቀች። እሷም ፊቷን ወደ ገዢዋ መለሰች፤ በርበሬውን በእፍኟ እያፈሰች የማረቆ መሆኑን፣ ዛላው ያልተሰበረ መሆኑን ማስረዳት ጀመረች። ትንሽ ጠበቅኋት። ክርክራቸው ረዘመ። ተነስቼ ቀሚሴን አራግፌ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ፤ የቡታጅራ መኪና እየሞላ ነበር።