የልጄ የሳምቡሳ ዘመን

ልጄ ትንሽ በነበረችበት ጊዜ ፈረስ መጋላ አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። ባለቤቴ ሥራው ድሬዳዋ ስለነበር የሚመጣው ለእሁድ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጄ የምትውለው በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከተከራየነው ቤት ትንሽ አለፍ ብለው በሚኖሩ አሮጊት ጎረቤታችን ዘንድ ነበር። ባላቸው ሞተው፣ ልጆቻቸው አግብተው ወጥተው፣ ብቻቸውን ቀርተዋል። በራቸው ላይ ሳምቡሳ እየጠበሱ ይሸጣሉ። እኔ እማማ እላቸዋለሁ፤ ልጄም ከእኔ ሰምታ እማማ አለቻቸው።

እንደ እሳቸው ልጅ የሚወድ ሰው አላየሁም። እኛ ክርስቲያኖች ስለሆንን ለእሷ የሚሠሩላት የምስር ሳምቡሳ ነበር፤ ከሥጋው ጋር እንዳይነካካ ዘይቱን እንኳ ለይተው በትንሽ ድስት ያፈሉላታል። ከሥራ ስመለስ መደቡ ላይ እግሯን አንጠልጥላ፣ አገጯ በዘይት ወዝቶ፣ በሁለት እጇ ሳምቡሳ ይዛ አገኛታለሁ። ጠዋት ደግሞ ቅቤ የጠጣ ፈጢራ ይጠብቃታል። ያኔ ጤነኛ ልጅ ማለት ጉንጯ የሞላ ልጅ ነበር የሚመስለኝ፤ ሳያት ደስ ይለኝ ነበር።

እያደር ግን የቤቱን ምግብ እንቢ አለች። ሽሮ ሳቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። የምትፈልገውን በልታም ጠገብኩ አትልም። ግማሽ ቀን መዋዕለ ሕፃናት ስትጀምር መምህሯ አስጠራችኝ።

«ተረት ስነግራቸው ሌሎቹ መልሰው ይነግሩኛል» አለችኝ። «የእርስዎ ልጅ መሀል ላይ ይጠፋባታል። ቶሎ ትቆጣለች፣ ትማታለችም።»

ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ ጆሮዋን አየች፣ ዓይኗን አየች፣ ከዚያ የምትበላውን ጠየቀችኝ። ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች።

«ቅባት ለልጅ ያስፈልጋል፤ ጨርሶ አትከልክሏት» አለችኝ። «ግን በዚህ ዕድሜ አእምሮዋ ገና እየተሠራ ነው። ቀኑን ሙሉ ጥብስ ከሆነ የሚጎዳው ሰውነቷ ብቻ አይደለም። በቃኝ ማለትን ትረሳለች። ትኩረቷንም፣ ጠባይዋንም ሊነካው ይችላል። ሁሉም ከምግቡ ነው ብዬ ግን አልምልልሽም። እንሞክረው።»

የከበደኝ እማማን መንገር ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሳምቡሳ የሚያወጡበትን ወንፊት አስቀመጡ።

«ልጄን ጎዱብኝ ማለትሽ ነው?»

«ኧረ እማማ! እንደ እርስዎ ማን ወዶልኛል?»

«ወላሂ፣ ልጆቼንም ያሳደግኩት በዚሁ ነው።» ድስቱን ከእሳቱ እያወረዱ ደግሞ፣ «እነሱ ግን ቀኑን ሙሉ ከግንቡ ውጭ ሲሯሯጡ ነበር የሚውሉት። ይቺ ከእኔ ጋር ተቀምጣ ነው የምትውለው» አሉ።

በማግስቱ ልጄን ሳደርስ ምድጃው አልተቀጣጠለም። እኔ ከወሰድኳት በኋላ፣ ወደ አስራ ሁለት ሰዓት ግድም መጥበስ ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ክፉ ነበሩ። ልጄ ሳህን ወረወረች፣ እጃቸውን ነከሰች። እኔ ተሸንፌ አንድ ስጧት ልል ስል፣ «ተይ» አሉኝ። «የሚጮኸው ልማዷ ነው፤ እሷ አይደለችም። ኢንሻአላህ ይደክመዋል።»

ከሰዓት በኋላ እጇን ይዘው በጠባቦቹ መንገዶች ከግንቡ በሮች አንዱ ወደሆነው ኤረር በር ይወስዷት ጀመር። እዚያ ገበሬ ሴቶች መሬት ላይ የደረደሩትን ማንጎና ዘይቱን የተባለውን ፍሬ ራሷ እንድትመርጥ ያደርጓታል። ሴቶቹ በኦሮምኛ እየቆጠሩ ቅርጫቷ ውስጥ ይጨምሩላታል። አንድ ቀን ቤት ገብታ፣ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያለች ዘይቱኖቹን ጠረጴዛ ላይ ስትደረድር ወጥ ቤት ቆሜ አየኋት። ቀስ እያለች ሽሮውንም ቀመሰች። እንቅልፏ ተስተካከለ።

ምግቡ ይሁን፣ መንገዱ ይሁን፣ ወይም መብሰሏ፣ አላውቅም። በዓመቱ መጨረሻ ወላጆች ተሰብስበን ሳለ ልጄ ተነስታ የጅብና የአህያ ተረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተናገረች። እማማ አዲስ ሻሻቸውን አስረው ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ገና ሳትጨርስ፣ «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» ብለው ጮኹና ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ልጄም ሳቋ መጣ።

እማማ ካረፉ ቆይተዋል፤ እኛም ከጀጎል ወጥተን አዲሱ ከተማ እንኖራለን። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ፈተና ሲያስጨንቃት ዛሬም የምትፈልገው የተጠበሰ ነገር ነው። «እማ፣ አሁንም አንዴ ከጀመርኩ ማቆም ያቅተኛል» ትለኛለች በስልክ። ያኔ አእምሮዋ ገና ሲሠራ የገባው ነገር ሙሉ በሙሉ አልወጣም ማለት ነው። ትንሽ እንድትበላና ከጓደኞቿ ጋር በእግሯ ዞር ዞር እንድትል እነግራታለሁ። እሷ ግን ወሬውን ትለውጥና፣ «እስቲ ስለ እማማ አውሪልኝ» ትላለች፤ እኔም አወራላታለሁ።