ቁርኣኑ የሚቀመጥበት ረድፍ

አንድ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ታችኛው ረድፍ ወደ ላይኛው ስለ መውጣቱ መጻፍ ይገባል ወይ? ብዙ አሰብኩበት። የተጎዳ ሰው የለም፤ የጠፋ ነገርም የለም፤ ከምኖርባት ከተማ ከጭሮ ውጭ ወሬውን የሰማ መኖሩንም እጠራጠራለሁ። ሆኖም ስለ ሥራዬም ስለ እምነቴም የተማርኩት ነገር ካለ አብዛኛው ከዚያ የመጣ ስለሆነ፣ እንደሆነው አድርጌ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ቀን ቀን በከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ፤ ማታ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የሥራ መደቤ የቤተ መጻሕፍት ቴክኖሎጂ ይባላል። ባለፈው ሐምሌ ስቀጠር የተሰጠኝ ሥራ መጻሕፍቱን ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ነበር። አንባቢ የመጽሐፉን ርእስ ሲጽፍ፣ ኮምፒውተሩ በየትኛው መደርደሪያ፣ በስንተኛው ረድፍ እንዳለ ይነግረዋል። የሙከራ ጊዜዬ ስድስት ወር ሆነ። በመጨረሻው ከዞን ገምጋሚዎች መጥተው ከኮምፒውተሩ ጥቂት መጻሕፍት ይመርጡና በተባለው ቦታ መኖራቸውን ያያሉ። ካለፍኩ ቋሚ እሆናለሁ፤ ካላለፍኩ ትምህርቱንም ትቼ ቦርደዴ፣ እናቴ ሱቅ እመለሳለሁ። እናቴ በስልክ "አይዞህ፣ ሱቁ የትም አይሄድም" ትለኝ ነበር። ለማጽናናት ነው የምትለው፤ እኔን ግን የሚያስፈራኝ እሱ ነበር።

መጻሕፍት የሚደረደሩት በቁጥር ነው። በዚህ አሠራር የሃይማኖት መጻሕፍት አንድ ላይ ይሆናሉ፤ የክርስትናው ቁጥር ይቀድማል፣ የእስልምናው ወደ መጨረሻ ይመጣል። የእኛ ቤተ መጻሕፍት ለሃይማኖት የመደበው መደርደሪያ አንድ ብቻ ስለነበር፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ከላይ ሆነ፤ ቁርኣኑና የአማርኛ ትርጉሙ ደግሞ ከታች፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብለው ተቀመጡ። ማንም አስቦ ያደረገው አይደለም። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ቁርኣን እዚያ ዝቅ ብሎ ማየቱን አልወደድኩትም። ኃላፊዬ ግን ሥራ አክባሪ ናቸው። ቤተሰባቸው ከደቡብ መጥቶ ገበያው ውስጥ ጨርቅ የሚነግድ ክርስቲያን ሴት ሲሆኑ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን "ቁጥሩን ከጠበቅክ መጽሐፍ አይጠፋብህም" ብለው ነበር ያስተማሩኝ። ላስቀይማቸው አልፈለግኩም። ለሰላት እንደሚታጠቡት ዉዱእ አደረግኩ፣ ቢስሚላህ አልኩና ሁለቱንም ታች አስቀመጥኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ስመጣ ሁለቱንም ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጎን፣ ከላይኛው ረድፍ ላይ አገኘኋቸው። መልሼ አወረድኳቸው። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚያው። ነገሩ የዘወትር ሥራዬ ሆነ፤ ኮምፒውተሮቹን ከከፈትኩ በኋላ ቁርኣኑንና ትርጉሙን አወርዳለሁ።

የጠረጠርኩት ጡረታ የወጡ አንድ ሾፌርን ነበር። ዕድሜያቸውን በጅቡቲ መንገድ የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ያነባሉ፣ ከቀትሩ ሰላት ከዙህር በኋላ ግን ጫታቸውን ይዘው ስለሚቀመጡ አይመጡም። እንዴት አድርጌ እንደምጠይቃቸው ሳስብ፣ አንድ ቀን እሳቸው ጋዜጣውን አጥፈው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ።

"ስማ ልጄ፣ ቁርኣኑን በየቀኑ ታች የሚያወርደው ማነው?"

"በቁጥሩ ነው የሚቀመጠው፣ አባባ።"

"ማነው አልኩህ እኮ። ቁጥሩ እጅ አለው?"

"እኔ ነኝ።"

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ የቦርደዴ ልጅ እንደሆንኩ፣ እናቴም እዚያ ሱቅ እንዳላት ነገርኳቸው።

"እናትህ ይህን ታውቃለች?" አሉኝ።

አታውቅም ነበር። ወደ ላይ የሚያወጡት እሳቸው እንደሆኑ በትህትና ስጠይቃቸው ሳቁ። ፍሬን ሲረግጥ የኖረ ጉልበት ለመጽሐፍ አይታጠፍም አሉ፤ ሲመጡ ላይ ያገኙታል፣ ሲሄዱ እኔ አውርጄዋለሁ።

ጥር ላይ ገምጋሚዎቹ ሳይነግሩን በጠዋት መጡ። ገና ኮምፒውተሮቹን እየከፈትኩ ነበር። ከመረጧቸው መጻሕፍት አንዱ የቁርኣኑ ትርጉም ሆነ። ኮምፒውተሩ ታችኛው ረድፍ አለ፤ ሄደው አጎንብሰው ፈለጉ፤ አልነበረም። አንደኛው ቀና ሲል ላይኛው ረድፍ ላይ አየው። ምንም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። የሙከራ ጊዜዬ በሦስት ወር እንዲራዘም፣ ያ የመጨረሻው እንደሚሆንም ለኃላፊዬ ነገሯቸው።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ መጣሁ። ያገኘሁት የጽዳት ሠራተኛችንን ነው፤ ማተባቸው ከአንገታቸው የማይለይ፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ባልዲውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው አደረቁ፣ ቁርኣኑንና ትርጉሙን አንስተው ላይ አደረጉና ወለሉን መወልወል ጀመሩ።

"እትዬ፣ ለካ እርስዎ ነዎት የሚያነሱት?" አልኩ።

"ውሃው ይረጨዋላ።"

"ወለሉ ሲደርቅ ለምን አይመልሱትም?"

"የእግዜርን ቃል አንስቼ መልሼ መሬት ላስቀምጥ? እኔ እንኳ፣ 'መጽሐፉ የራሱ ሃይማኖት ሆኖ ታች የሚያወርደው፣ ይሄ ልጅ ምን ነክቶት ነው' እያልኩህ ነበር።"

የዚያን ቀን ዙህር ሰግጄ ስጨርስ መስጊዱ ውስጥ ትንሽ ቆየሁ። ሽማግሌውም የጽዳት ሠራተኛዋም መጽሐፉን አክብረዋል፤ እኔ ግን ሰው ላለማስቀየም ብዬ ዝም ብያለሁ። ይህን እያሰብኩ ሳለ ነው አንድ ነገር የታየኝ፤ ቁጥሩ ቅደም ተከተል ይፈልጋል እንጂ ከላይ ወደ ታች ይሂድ አይልም። ወደ ጎንም መሄድ ይችላል።

ለኃላፊዬ ነገርኳቸው፦ የሃይማኖት መጻሕፍት በአንድ መደርደሪያ ከሚወርዱ፣ በግድግዳው ላይ ባሉት መደርደሪያዎች ሁሉ ላይኛውን ረድፍ ይዘው ወደ ጎን ይሂዱ። ሌላው ከሥር ይደርደር። ቁጥሩ አይፋለስም፤ የአብዛኛው መጽሐፍ ቦታ ግን ኮምፒውተሩ ላይ እንደገና መጻፍ አለበት፤ እሱን እኔ እሠራለሁ።

የግድግዳውን መደርደሪያዎች በዓይናቸው ቆጠሩ።

"ይህን ከመጀመሪያው ለምን አልነገርከኝም?"

"ላስቀይምዎት አልፈለግኩም።"

"ገምጋሚዎቹ ፊት ደስ ያሰኘኸኝ ይመስልሃል?" አሉና ፈቀዱልኝ።

መደርደሪያዎቹ ቁመታቸው እኩል ስላልነበር ላያቸው ላይ አንድ ወጥ ረድፍ መሥራት አስፈለገ። የእንጨት ሥራ ደግሞ ከሥራ ውጭ የምወደው ነገር ነው። ሚኤሶ ያለው አጎቴ ስፖንዳ፣ የጭነት መኪና የጎን ሳንቃ ይሠራል፤ በእረፍት ቀኖቼ ወደ ቆላው ወርጄ ከእሱ ጋር እንጨት እልጋለሁ፤ ከቁርጥራጩም ሰው ሲቀራ ቁርኣን የሚያስቀምጥበትን ተጣጣፊ ረሃል እሠራለሁ። አጎቴ ከአሮጌ መኪና የወጡ ሳንቃዎች መርጦ ሰጠኝ። "ስንት ጭነት ማሽላ የተሸከመ ነው፣ ያንተ መጽሐፍ አይከብደውም" አለኝ። በአንድ ባጃጅ አልገባ ብሎኝ ከመናኸሪያው እስከ ቤተ መጻሕፍቱ በሁለት ባጃጅ አደረስኩት።

የቀረው ሥራ ረመዳን ላይ ዋለ። ጾሜን ሆኜ ከሥራ በኋላ እየቆየሁ የየመጽሐፉን ቦታ አስተካከልኩ፤ ለኢፍጣር ሲቃረብ እዘጋለሁ። የጽዳት ሠራተኛችን ሳንቃውን በእጃቸው ነቅነቅ አድርገው ሞከሩትና "አሁን ጀርባዬ ያርፋል" አሉ። ሽማግሌው ሾፌር ደግሞ ጉልበታቸው ሳይታጠፍ ትርጉሙን አውርደው ማንበብ ጀመሩ፤ ጋዜጣው ቀረ።

ገምጋሚዎቹ እንደገና መጡ። የመረጡት ሁሉ በቦታው ተገኘ። ጥር ላይ አጎንብሶ የነበረው ሰው በመጨረሻ የቁርኣኑን ትርጉም ጠየቀ። ኮምፒውተሩ ላይኛው ረድፍ አለ፤ ሄዶ ቢያይ የለም። ሽማግሌው ከመስኮቱ ሥር "እኔ ጋ ነው፣ እያነበብኩት ነው" ብለው ከፍ አድርገው አሳዩት። ሰውየው ኮምፒውተሩን መልሶ አየ፤ ጠዋት ሲወስዱት በስማቸው መዝግቤላቸው ነበር። ፈገግ ብሎ ቋሚ እንድሆን ፈረመ።

እናቴ ጋ ደወልኩ። "አልሐምዱሊላህ" አለች፤ ቀጥላም "ሱቁም የትም አይሄድም" አለችኝ።

ቀኑ ሚያዝያ ውስጥ፣ ከኢድ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰኞ ነበር።