ብርሃኑን ያልካደው አብራሪ

ናዝሬት ሻይ ቤት ያላት በላይነሽ ያን ሰው ባየችው ቁጥር ደሟ ይፈላል። ማዕረጉ የተነቀለበትን ጃኬት እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጣል። የተዋጊ ጀት አብራሪ ሳለ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ብርሃን ሰማይ ላይ ተከተለኝ ብሎ ለአለቆቹ በመናገሩ ከበረራ ታግዷል።

ዛሬም የቀበሌው ካድሬ መጣበት። «ጓድ፣ ደክሞኝ ተሳስቼ ነው በልና ወደ አውሮፕላንህ ተመለስ! አለዚያ ሕዝብ በማወናበድ ትጠየቃለህ።»

«ያየሁትን አላየሁም አልልም።»

ካድሬው ጠረጴዛውን በቡጢ መትቶ ወጣ። በላይነሽ ሰውዬው ሻዩን ሳይጨርስ ብርጭቆውን አነሳችበት። «ሁለተኛ እዚህ እንዳይደርሱ! ቤቴን ሊያሳሽጉብኝ ነው?»

ሰውዬው ቀስ ብሎ ተነሣ። «አትፍሪ አልልሽም፤ እኔም ያኔ ሰማይ ላይ ፈርቼ ነበር» አላት። «ዓይኔን ግን አልጨፈንኩም።»