የወፍጮውን ቺንጋ ያስከደነች

ልጄ ጽጌሬዳ በ1975 ዓ.ም. ገና ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። በጠዳ የሴቶች ማኅበር ተወካይ ነበረች። ወሬ አታበዛም፤ ሰው ሲናገር ግን አፍ አፉን እያየች ታዳምጣለች። እናቷ ነኝና ስለ እሷ ብዙ መጻፍ እችላለሁ፤ ከሁሉ የምኮራበት ግን የወፍጮው ነገር ነው።

የገበሬ ማኅበሩ ወፍጮ በናፍጣ ሞተር ይሠራ ነበር። ከሞተሩ ወደ ድንጋዩ የሚሮጥ ሰፊ ቺንጋ፣ ማለትም የጎማ ቀበቶ፣ ነበረው። አንድ ቅዳሜ የጎረቤታችን የአበቡ ነጠላ ጫፍ በቺንጋው ተያዘና ቺንጋው ጎትቶ ክንዷን ሰበራት። የወፍጮው ሠራተኛ ባዬ ቶሎ ሞተሩን ባያጠፋው ኖሮ አንገቷ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የማኅበሩ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ደመቀ፣ "የባዬ የጥንቃቄ ጉድለት ነው፤ ይባረር። 'ነጠላ ለብሶ መግባት ክልክል ነው' የሚል ጽሑፍም ይለጠፍ" ብሎ ቃለ ጉባኤውን ሊዘጋ ሲል ጽጌሬዳ ተነሣች።

"አያ ደመቀ፣ ባዬን ስታባርሩት ቺንጋው ይቆማል?"

"ጓድ ሊቀመንበር በይ! ስብሰባ ላይ ነን።"

"እሺ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ቺንጋው ይቆማል?"

ሰዉ ሳቀ።

"ወንድ በሞላበት ቤት ነጠላዋን ጥላ የምትገባውስ የትኛዋ ሴት ናት? የእናንተ እናት ትገባለች? ጊዜ ስጡኝና ለቺንጋው መላ ልፈልግ" አለች።

ደመቀ አራት ሳምንት ሰጣት። "አንድ ሰው ደግሞ ቢያዝ ግን ባዬ ብቻ አይደለም፤ አንቺም ትጠየቂያለሽ" አላት። የአምስት ልጆች አባት የሆነው ባዬ በር ላይ ቆሞ ቆቡን ያሻል።

ጽጌሬዳ በቀጥታ አበቡ ቤት ሄዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ማን እንዳጠፋ አልጠየቀቻትም።

"ምን ልታደርጊ ነበር ያጎነበስሽ?"

"ምነው፣ እንደ ሰው ሁሉ ነዋ! ከኋላዬ ያለችው ማሽላ ይዛለች። ከወፍጮው አፍ የቀረውን የጤፌን ዱቄት ከማሽላዋ ሳይቀላቀል ላራግፍ ብዬ ነው።"

ዱቄቱ የሚወጣበት የወፍጮው አፍ ደግሞ ከቺንጋው ጎን ነው። ሴቱ ሁሉ በየተራው እዚያ ያጎነብሳል። ልጄና ባዬ አፉን በቆርቆሮ አስረዝመው ወደ ሌላው ጎን አዞሩት። የቀረውን ዱቄት ባዬ ራሱ በዱላ እየመታ እንዲያራግፍ ተስማሙ። በቺንጋው ዙሪያም የባሕር ዛፍ አጥር አቆሙ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አብሬያት ሄድኩ። ሴቶቹ አጥሩን አዩና ነጠላቸውን ሰቀሉበት! የቺንጋው ነፋስ ጫፉን ያውለበልበው ጀመር። ጽጌሬዳ ጮኻ ሞተሩን አስጠፋች።

"ምነው? ሸጋ መስቀያ ሠርተሽልን!" አለቻት አንዲት ሴትዮ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች ልጄ፣ በሁሉ ፊት። ሰኞ አጥሩ ተነሥቶ ቺንጋው ከላይ እስከ ታች በቆርቆሮ ተከደነ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጧት እስከ ማታ ወፍጮ ቤት ቆማ የእያንዳንዷን ሴት እጅ ትከታተል ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ኮሚቴው ራሱ መጣ። ደመቀ ክዳኑን በእግሩ ገፋው፤ አልነቃነቅ አለው። በአራቱም ሳምንት ማንም አልተያዘም ነበር።

"ባዬ ሥራውን ይቀጥል" አለ።

"ቃለ ጉባኤው ላይ የጥንቃቄ ጉድለት የሚለውስ?" አለች ጽጌሬዳ።

"ደግሞ ምን ቀረሽ አንቺ ልጅ?"

"እሱ ይሰረዝ። የሠራነው ይጻፍ።"

ደመቀ ጸሐፊውን ጠቀሰው፤ እሱም የቀድሞውን ሰርዞ አዲስ ጻፈ። እኔም በመሠረተ ትምህርት የለየሁትን ፊደል እየቆጠርኩ በጸሐፊው ትከሻ ላይ አሻግሬ አየሁ። ባዬ ማንበብ አይችልም ነበርና ጮክ ብዬ አነበብኩለት፦ "ባዬ ጥፋት የለበትም።"

"እማማ፣ ድገሚልኝ" አለኝ። ደገምኩለት።