ከሊማሊሞ አፋፍ ያነሳሁት

በደርግ ጊዜ ጎንደር ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሥራዬ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ሰው በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ከኋላው ነጭ መጋረጃ አለ፣ "ቀና በል፣ አትሳቅ" እላለሁ፣ አለቀ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት አንዲት ትልቅ ካሜራ ነበረቻቸው። ሰፊ ፊልም ነው የምትጎርሰው፤ ክዳኗን ከላይ ከፍቶ ቁልቁል ነው የሚታይባት፣ መስታወቷ ላይም ግራና ቀኙ ተገላብጦ ይታያል። ለሠርግ ካልሆነ ከሣጥኗ አትወጣም።

አንድ ቀን አንድ የግብርና ባለሙያ መጣና በደባርቅ በኩል የተሠራውን እርከን የሚያነሳለት ሰው ፈለገ። ባለቤቱን ወገባቸውን አሟቸው ስለነበር ካሜራዋን እኔ አንገት ላይ አጠለቁልኝ።

"ከወደቀች አብረሃት ውደቅ" አሉኝ።

እርከኑን አንስተን ስንጨርስ ፊልሙ ላይ ጥቂት ቀረ። ባለሙያው "እዚህ ድረስ መጥተህ ሊማሊሞን ሳታይ አትመለስም" ብሎ ወደ አፋፉ ወሰደኝ። ኬላው ላይ አንድ ወታደር የፈቃድ ወረቀታችንን አገላብጦ አገላብጦ አየና "ወታደርና ድልድይ እንዳታነሱ" ብሎ ለቀቀን።

ስንደርስ ጉም ብቻ ነበር። እግሬ ሥር መሬቱ ያልቅና ነጩ ይጀምራል። ካሜራዋን ማቆሚያው ላይ አስሬ ስጠብቅ፣ እዚያው አጠገብ ካለ ጎጆ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ።

"ምነው ልጄ፣ ጉም ነው የምታነሳ?"

"እስኪገለጥ ነው፣ አያ።"

"ይገለጣል። ቀስ ብሎ ነው።"

ተገለጠ። መጀመሪያ አንድ ጥቁር የዐለት ጫፍ ከነጩ ውስጥ ብቅ አለ፣ ከዚያ ሌላ። ጉሙ እየተቀደደ ወደ ላይ ሲሸሽ ገደሉ ወረደ፣ ወረደ፣ ማለቂያ አጣ። ከሥሩ ማሳና ወንዝ፣ ከማዶ ተራራ በተራራ፣ የመጨረሻው ከሰማዩ የማይለይ። ጎንደር ግንቡን እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ትልቅ ነገር ያየሁ ይመስለኝ ነበር። ወደ ካሜራዋ ሳጎነብስ ያ ሁሉ አገር መዳፍ በማታህል መስታወት ላይ ተቀምጧል፤ ጉሙም እዚያው ውስጥ ይሄዳል። ማንሳቱን ረሳሁት።

"እስቲ እኔም ልይ" አሉ ሽማግሌው። አጎንብሰው ብዙ ቆዩ።

"በስመ አብ! ምነው ወንዙ በዚህ በኩል ዞረ?" ከዚያ ድምፃቸው ዝግ አለ። "የልጄን አገር አስገብተኸዋል።"

ልጃቸው ከገደሉ ሥር ካለች መንደር ነው የተዳረችው። ውጊያው መንገዱን ከዘጋው ወዲህ አላዩዋትም። ጠዋት ጠዋት አፋፉ ላይ ቆመው የቤቷን ጭስ ይፈልጋሉ። ጭሱ ካለ እሷም አለች ማለት ነው። በጣታቸው አሳዩኝ፤ እኔ ግን ምንም አልታየኝም። ብቻ ካሜራዋን ወደዚያ መልሼ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ የቀረውን ፊልም ሁሉ ጨረስኩት።

ጎንደር ተመልሼ ጨለማው ክፍል ውስጥ ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ስነክረው ገደሉ ከነጩ ውስጥ እንደገና ወጣ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ከትከሻዬ በላይ እያዩ "ይቺ ካሜራ ይህን ሁሉ ታውቅ ኖሯል?" አሉ። በማጉያ መነጽር ስናየው ከወንዙ ጥግ ሁለት ሦስት ጣራ፣ ከአንዱም ላይ ቀጭን ጭስ አገኘን። ያንን ክፍል አጉልተን በትልቁ ወረቀት አተምነው።

ክረምቱ ሲወጣ ባለሙያው ተመልሶ ሲሄድ እኔም ፎቶውን ይዤ ተከተልኩ። ሽማግሌው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ዳር ዳሩን ይዘው አዩት። እየተጣደፉ ወደ ጎጆው ገቡ፤ እኛም ተከተልን። እግራቸው ታሞ አፋፉ ድረስ መሄድ ካቆሙ ዓመታት ያለፋቸው ባለቤታቸው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ፎቶውን ሲሰጧቸው ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ፊታቸውን አስጠጉ።

"ጭሱ ይሄ ነው?"

"እሱ ነው።"

"ሸጋ ቤት ነው" አሉ ሴትዮዋ፣ ጣታቸውን ወረቀቱን ሳያስነኩ በላዩ እያንቀሳቀሱ። "ባዶ ሜዳ አይደለም፤ ዛፍም አላት።"