«በሞቴ» እና የእህቴ ጣሳዎች

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ፣ እህቴ ከሞተች ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። መጻፍ አልለመድኩም፤ ትምህርቴም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ግን አንዲት ቃል አለች፣ በሰማኋት ቁጥር ያን ቀን የምታስታውሰኝ። ስለዚህ ልሞክር።

ታላቅ እህቴ ታደለች ቦንጋ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሁለታችንም ወፍራሞች ነን። ነበርን ልበል። አንድ ባጃጅ ውስጥ እኔና እሷ ከገባን ሾፌሩ ሌላ ሰው አይጠብቅም፤ «ሞልቷል» ብሎ ይነሣል። እሷ ትስቅ ነበር። እኔን ደግሞ፣ ከዚህ ሁሉ ሰውነቴ ጋር፣ «ጩጬ» ነበር የምትለኝ።

ደም ግፊት ነበረባት። ሐኪም ክብደት ቀንሺ ሲላት፣ አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዋ በምግብ ፋንታ የሚጠጣ ዱቄት እንድትልክላት ጠየቀች። በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ምግብ ይተካል ይባላል። እሱን እየጠበቀች ሳለ፣ እሑድ ምሳ ላይ፣ «ከእንግዲህ ማን ሊያጎርስህ ነው? እኔ ዱቄት ጠጪ ልሆን ነው» አለችና ጉርሻ ጠቀለለች። ጠግቤ ነበር። «በሞቴ!» አለች። ጎረስኩ። ሰኞ ጠዋት የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ አገኟት።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ «በሞቴ» የሚል የለም። እናቴ ምግብ አቅርባ ትሪውን ወደ እኔ ትገፋለች።

ያዘዘችው ዱቄት በጣሳ በጣሳ ሆኖ የደረሰው ከአርባዋ በፊት ነው። እናቴ ጣሳዎቹን ለሰው ስጣቸው አለችኝ። አልሰጠሁም። የአንድ እናት ልጆች ነን፣ ሰውነታችን አንድ ነው፤ ቀጥሎ የምሞተው እኔ ነኝ ብዬ ፈርቼ ነበር። እናቴም ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ጠዋትም፣ ቀንም፣ ማታም ዱቄቱን ብቻ መጠጣት ጀመርኩ።

እውነቱን ልናገር፣ ዱቄቱ ሠርቷል። ምን ያህል ልብላ ብሎ መጨነቅ የለም፤ ጣሳው ውስጥ ያለው ማንኪያ ልኩን ያውቃል። ቀበቶዬን በሚስማር አዲስ ቀዳዳ አበጀሁለት። ወደ ቤታችን የሚያወጣውን ዳገት ሳላርፍ ወጣሁ። ሌላውን ጎኑን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ሆዴ ይደርቃል። ይበርደኛል። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እያናገረኝ ሐሳቤ ይጠፋል። ከሁሉ የከበደኝ ግን እናቴ ለብቻዋ መብላቷ ነው። እኔ ብርጭቆ ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ እሷ ሁለቴ ጎርሳ ትተወዋለች።

ሌላም ነገር ነበር። ጣሳው ላይ የላም ሥዕል አለ፤ ዱቄቱ ወተት አለበት። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ አልጠጣውም። የጾም ምግብም አልበላም፤ ዱቄት ብቻ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁና። በእነዚያ ቀናት ሻይ ብቻ ነበር። ያኔ ልክ መስሎኝ ነበር። ለነፍሷም፣ ለሰውነቴም።

ያ ቀን ዓርብ ነበር። የምሠራበት የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሺሺንዳ ከተማ ላለ አንድ ሰው ቆርቆሮ ሸጦ ነበርና በአይሱዙ አድርሼ አወረድኩ። አይሱዙው ወደ ፊት ስለቀጠለ ስመለስ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። መስኮቱ ጠቆረብኝ። ቀጥሎ የሰማሁት የረዳቱን ድምፅ ነው፤ «ሰውዬው ሞተ እንዴ?» ይላል።

ነቅቼ ሳይ አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ ራሴን ትከሻቸው ላይ አስደግፈውታል። አላውቃቸውም። ረዳቱን በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ተቆጡትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ዛሬ ምን በልተሃል?»

«ምንም።»

«ትናንትስ?»

«ዱቄት።»

«ዱቄት? ሳይጋገር?»

ከኋላ ሰው ሳቀ። ሴትዮዋ አልሳቁም። ከዘንቢላቸው የተቀቀለ ጎደሬ አውጥተው ላጡና ወደ አፌ አስጠጉ። ራሴን ነቀነቅሁ።

«ለጾም ከሆነ ጎደሬ ምን አለው? በሞቴ ብላ!»

ጮህኩባቸው። «እንደሱ አይበሉኝ!»

መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አፈርኩ። እንባዬም መጣ። «እህቴ እንደሱ ብላ አጎርሳኝ በማግስቱ ሞተች» አልኳቸው። ለማንም ያልነገርኩትን ለማላውቃቸው ሰው ነገርኩ።

ጎደሬውን እንደገና ወደ አፌ አስጠጉ። «እንግዲያ በሕይወቴ ብላ» አሉኝ። «እኔ አሁን አልሞትም፤ ቤት የሚጠብቁኝ ጥጆች አሉ።»

በላሁ። ደረቅ ነበር፣ ጨውም የለውም። እስከ ዛሬ እንደዚያ የጣመኝ ምግብ የለም።

ቦንጋ ስንደርስ ባጃጅ ይዘው ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። ነርሷ ግፊቴንና ስኳሬን ለክታ ሁለቱም ወርደዋል አለች። የጣሳውን ነገር ስነግራት አልተቆጣችም።

«ዱቄቱ ጠላት አይደለም» አለችኝ። «እየተከታተልንህ አንዱን ምግብ ብቻ ቢተካ ሊረዳህ ይችላል። አንተ ግን ሁሉንም ተካህበት፤ በጾም ቀን ደግሞ እሱንም ተውከው። ለመሆኑ ጣሳው ሲያልቅ ምን ልትበላ ነው?»

ዘወር ስል ሴትዮዋ ሄደዋል። የቀረውን ጎደሬ በፌስታል አድርገው ወንበሩ ላይ ትተውልኛል። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

ጎደሬውን ለእናቴ ወሰድኩላት። ሁሉንም ነገርኳት፤ የሴትዮዋንም ቃል ጭምር። አንዱን ላጠችና ለሁለት ከፈለችው።

አሁን ዱቄቱን ጠዋት ብቻ እጠጣለሁ፤ በጾም ቀን ደግሞ በእሱ ፋንታ የጾም ምግብ እበላለሁ። ነርሷ አልፎ አልፎ ትመዝነኛለች። ክብደቴ የሚቀንሰው በዝግታ ነው። ፍርሃቴ ጨርሶ አልለቀቀኝም። እህቴ ጣሳዎቹ ቀድመው ደርሰውላት ቢሆን ትተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። የሚነግረኝም የለም።

ግን ማዕድ ላይ ከእናቴ ጋር እቀመጣለሁ። በቃኝ ስል ጠቅልላ ትዘረጋልኝና «በሕይወቴ» ትለኛለች። እጎርሳለሁ። ጉርሻዋ ትንሽ ናት። ክብደቴን ታስባለች።