ሰላምታ የነሳሁት ወንድሜ

«ብርሃኑ እንደሆነ በዚህ ቤት የሚወደው ሞላን ብቻ ነው።»

ይህን ያለችው እናቴ ናት... ባለፈው ሰሞን በአጥር በኩል ለጎረቤታችን ስታወራ። እኔ በር ላይ የጫማዬን አቧራ እያራገፍኩ ነበር። እንደሰማሁት ተቀበልኩት። እናት ስለ ልጇ በአጥር በኩል አትዋሽም።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። እማዬ ለዓይኗ ሕክምና ወልድያ ሄዳ ልትሰነብት ነው። ታናሽ ወንድሜን ብርሃኑን ደግሞ ብቻውን ትቶ መሄድ አይሆንም። ብርሃኑ ኦቲዝም አለበት። ጎልማሳ ነው፤ ብዙ አያወራም፣ ሰው ሲነካው አይወድም፣ ቀኑን ሙሉ ደጃችን ካለው መደብ ላይ ሰፌዱን ጭኑ ላይ አድርጎ ምስር ይለቅማል። ጎረቤቱ ሁሉ ምስሩን የሚልከው ለእሱ ነው። በሰፈራችን ወጥ ሲበላ ጠጠር የነከሰ ሰው የለም።

ታዲያ እማዬ አብሮት እንዲሰነብት ያሰበችው እኔን ሳይሆን የእህቴን ባል ሞላን ሆነ።

ቀናሁ። ሌላ ስም አልፈልግለትም። ኦቲዝም የሚለውን ቃል እዚህ ቤት ያስገባሁት እኔ። አስጎብኚ ነኝና፣ ከማስጎበኛቸው ፈረንጆች አንዱን መጽሐፍ ይዞልኝ እንዲመጣ የለመንኩት እኔ። ሞላ ምን አንብቧል? የማዳበሪያ ጆንያ ላይ የተጻፈውን። ሞላ እህል ነጋዴ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ከሙጃ ይመጣና እኛ ቤት አድሮ ይመለሳል።

የሚያንገበግበኝ መደቡ ነው። እኔ አጠገቡ ስቀመጥ ብርሃኑ ሰፌዱን ይዞ ይነሳል። ሞላ ሲቀመጥ ግን አይነሳም። ሰው የሚቀናው በመሬት ነው፣ በሚስት ነው... እኔ በመደብ።

ቅዳሜ ሞላ ሲመጣ በመስኮት ሰለልኩት። ገባ። ብርሃኑን ሰላም አላለውም። ዞር ብሎም አላየውም። መደቡ ጫፍ ላይ ዘፍ አለና ስልኩን አወጣ። አለቀ።

እኔስ እንዴት ነበር የምገባው? እንደ አገራችን ደንብ ነዋ። «ብርሃኑ፣ እንዴት ዋልክ? ደህና ነህ? ምሳ በላህ? እስቲ ቀና በል...» እያልኩ፣ በትከሻው ላይ እየተደፋሁ። መጽሐፉ «አታጨናንቁት» ይላል፤ በእርሳስ አስምሬበታለሁ። አስምሬበት ስጨርስ ሄጄ እስመዋለሁ። ሰላምታን ማን ማጨናነቅ ይለዋል? በላስታ ሰላም ያላሉት ሰው የቀበሩት ሰው ነው።

ከሰኞ ጀምሬ ሰላምታዬን ነሳሁት። ዝም ብዬ እገባለሁ፣ መደቡ ላይ እቀመጣለሁ፣ ወደ ተራራው አያለሁ።

መጀመሪያ ተነሳ። በማግስቱ ተነስቶ ቆመ... ሰፌዱን አየ... ተመልሶ ተቀመጠ። ሐሙስ ላይ ጭራሹን አልተነሳም። ከደስታዬ ብዛት ሰላም ልለው ምንም አልቀረኝ።

የረሳሁት ሰፈሩን ነው። ለካ ሁሉም አይቷል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የንስሐ አባታችን እማዬን አስከትለው መጡ። ሊያስታርቁን።

እኔና ብርሃኑ መደቡ ላይ ነበርን። ሞላም መስቀል ተሳልሞ በወዲያኛው ጫፍ ወደ ስልኩ ተመልሷል።

«የታመመ ወንድም ይኮረፋል ልጄ?» አሉኝ አባ።

ብርሃኑ ታማሚ አይደለም። ይህን ለአባ ማስረዳት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ገና መግቢያው ላይ ነን።

«አባ፣ አልተኮራረፍንም።»

«ሰላም አይለውም ተብዬ ነው የመጣሁት።»

«ሰላም ስለማልለው እኮ ነው አጠገቤ የሚቀመጠው።»

ወደ እማዬ ዞሩ። «ይሄ ልጅ መጽሐፍ አብዝቷል።»

«ነግሬዎት የለ» አለች እማዬ፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች።

«በል ተነስና ሳመው። ይለቅ።»

ብስመው ይነሳል። ከተነሳ ደግሞ ወደ እኔ አይመለስም፤ አውቀዋለሁ። ባልስመው በንስሐ አባቴና በእናቴ ፊት ዕርቅ እምቢ ያልኩ ሰው ነኝ።

«አባ... መደቡን ልሳመው?»

አባ መደቡን አዩት፤ ከዚያ እኔን።

«ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም የምንስመው ከዓለት የተፈለፈለውን ግድግዳ ነው፤ ጻድቁን ራሱን አቅፈን አናውቅም። በዚህ ከተማ ሁላችንም ድንጋይ ስንስም ነው ያደግነው።»

ብርሃኑ ጠጠር አገኘና ወደ መሬት ጣለ።

«እንዲያ ካልክ... ይሁን። ሳም» አሉ አባ።

ጎንበስ ብዬ ከብርሃኑ ጭን ክንድ ያህል ራቅ ያለውን የመደቡን ጠርዝ ሳምኩ። ጭቃ ጭቃ ይላል። ብርሃኑ ሰፌዱን ትንሽ ወደ ራሱ ሳበ፣ ምስሩን እንዳልደፋበት መሰለኝ። አልተነሳም።

እማዬ ይህን አየች። «በል እንግዲያው አንተው አብረኸው ትሰነብታለህ» አለችኝ።

አሸነፍኩ። ያሸነፈ ሰው ደግሞ ቸር ይሆናልና፣ የሚገባውን ምስጋና ልስጠው ብዬ ወደ ሞላ ዞርኩ።

«እውነቱን ለመናገር ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሰላም ባይሉት እንደሚሻለው እንዴት አወቅክ?»

ሞላ ከስልኩ ቀና አላለም።

«ምኑን አውቄ። በሰርጌ ዕለት እጄን ብዘረጋለት ዝም አለኝ... ከዚያ ወዲህ አኩርፌዋለሁ።»